ለዳኛው ወይስ ለታዳሚው? የድራም ኮር የማያልቅ ክርክር

ማታ ነው። ስታዲየሙ በፓውዛ ደምቋል። የአሜሪካ ፉትቦል ሜዳ ላይ ሰባ ሰማንያ የሚሆኑ ወጣቶች ጥሩንባቸውን ይዘው ከጥግ እስከ ጥግ አንድ መስመር ሠርተዋል። በክር የተለካ የሚመስል መስመር ነው። ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ ያዞሩና ያላቸውን ትንፋሽ ሁሉ አውጥተው እየነፉ ወደፊት ይመጣሉ። ድምፁ ደረት ይመታል። ትሪቡን ላይ ያለው ሰው ዜማው እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ ብድግ ብሎ ይጮኻል። እንባው የሚመጣም አለ።

ከሦስት ደቂቃ በኋላ እነዚያው ልጆች ሜዳው ላይ ይበተናሉ። ይሮጣሉ፣ ይጠማዘዛሉ፣ አንዱ ሲያጎነብስ ሌላው ይዘረጋል። ሙዚቃው ፈጣንና ቁርጥርጥ ያለ ነው፤ አብራችሁ የምታንጎራጉሩት ዜማ የለውም። ሕዝቡ ዝም ይላል። ላይ የተቀመጠው ዳኛ ግን በድምፅ መቅጃው ላይ አስተያየቱን እየተናገረ ድምፁ በአድናቆት ከፍ ይላል።

የድራም ኮር ሰዎች ለአሥርተ ዓመታት የሚከራከሩት በእነዚህ ሁለት ቅጽበቶች ላይ ነው። የትኛው ይበልጣል? ትርኢቱስ የሚሠራው ለማን ነው? እኔ ይህን ነገር ከልቤ እወደዋለሁ፤ ክርክሩን ግን ሰዎች ብዙ ጊዜ ከተሳሳተ ጫፍ ይይዙታል ብዬ አምናለሁ። ለዚህ ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ ድራም ኮር ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እኛ ሀገር ማርሽ ሲባል ትዝ የሚለን የክብር ዘበኛ ወይም የፖሊስ ባንድ ነው። የድራም ኮርም ዘሩ ከወታደር ቤት ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ ውስጥ የጦር ተመላሾች ማኅበራት ለሰፈር ልጆች የከበሮና የጥሩንባ ጓድ እያቋቋሙ ያወዳድሩ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ጓዶቹ ራሳቸው ተሰባስበው ድራም ኮር ኢንተርናሽናል የሚባል ድርጅት መሠረቱ። በአጭሩ ዲሲአይ ይሉታል። የመጀመሪያው ሻምፒዮና በ1972 ዊስኮንሲን ግዛት ዋይትዋተር ከተማ ተካሄደ። አሁን ፍጻሜው በየነሐሴው ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ፣ ሉካስ ኦይል ስታዲየም ነው።

አንድ ትልቅ ኮር ዛሬ ከ150 በላይ ወጣቶች አሉት። ትራምፔት፣ ሜሎፎን፣ ባሪቶንና ቱባ የሚነፉ አሉ። ከበሮ አንግበው የሚሰለፉ አሉ። ከፊት ለፊት ማሪምባና ሌሎች ከበድ ያሉ መሳሪያዎች ተተክለው ይቀመጣሉ። ከለር ጋርድ የሚባሉት ደግሞ ባንዲራ፣ ሰይፍና ከእንጨት የተሠራ ጠመንጃ ወደ ሰማይ እየወረወሩ ይቀልባሉ፤ ይደንሳሉም። ክረምቱን (እዚያ ሞቃቱ ወቅት ነው) ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ ይለማመዳሉ። ሌሊት በአውቶቡስ ይጓዛሉ፤ የትምህርት ቤት ጂም ወለል ላይ ይተኛሉ፤ ምግባቸው ከከባድ መኪና ላይ ከተሠራ ኩሽና ይወጣል። ለዚህ ሁሉ ክፍያ አያገኙም። እንዲያውም ከፋዮቹ እነሱ ናቸው፤ ለአንድ ክረምት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍላሉ። ክረምቱን ሙሉ የሚያጠኑት አሥር፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ የምትሆን አንዲት ትርኢት ናት።

አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ ሃይስኩል ማርቺንግ ባንድ ውስጥ ከሆነ ይህን ስም ከአፉ ሰምታችሁት ይሆናል። ለማርቺንግ ባንድ ልጆች ድራም ኮር ማለት ለሰፈር ኳስ ተጫዋች ብሔራዊ ቡድን እንደማለት ነው።

ወደ ክርክሩ እንግባ። ቁልፉ ያለው ነጥብ መስጫ ወረቀቱ ላይ ነው።

ጠቅላላው ነጥብ 100 ነው። 30ው ለሙዚቃ፣ 30ው ለእይታ ነው። ቀሪው 40 ጠቅላላ ውጤት ወይም ስሜት ልንለው ለምንችለው ነገር ይሰጣል፤ ትርኢቱ በአጠቃላይ ምን ያደርጋል፣ ምን ያሳድራል የሚለው ማለት ነው። እዚህ ላይ ዳኞች ሦስት ነገር እንዲያዩ ይጠበቃል። ትርኢቱ አእምሮን ያሠራል ወይ? ስሜትን ይነካል ወይ? ውበቱስ? ልብ በሉ፣ ስሜት የሚለው ቃል ወረቀቱ ላይ አለ። «ዳኞች ለሕዝብ ደንታ የላቸውም» የሚለው ወቀሳ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለም። ችግሩ ሌላ ነው። የሕዝቡ ስሜት ወደ ነጥብ የሚለወጠው በዳኛው በኩል አልፎ ነው። ለጭብጨባ የተመደበ ነጥብ የለም። ስታዲየሙ በሙሉ ቢያለቅስ ዳኛው ራሱ ካልተነካ ወረቀቱ ላይ የሚገባ ነገር የለም።

ሁለተኛው ነገር፣ ዳኛው ልጆቹ እንዴት እንደተወጡት ብቻ አያይም፤ ምን እንደተሰጣቸውም ያያል። ከባድ ነገር ተሰጥቶት የተወጣና ቀላል ነገር ተሰጥቶት የተወጣ እኩል አይሆኑም። ይህ ፍትሐዊ ነው። ግን ምን እንደሚያስከትል ተመልከቱ።

አንድ ትራምፔት ነፊ ልጅ በዓይነ ሕሊናችሁ አስቡ። መሳሪያው ከንፈሩ ላይ ነው። እግሩ በደቂቃ 180 እርምጃ ይሄዳል፤ ያውም ወደ ኋላ፣ በእግር ጣቶቹ ላይ ተንጠልጥሎ። እርምጃው ትንሽ ካንገጫገጨው መሳሪያው ከንፈሩን ይመታዋል፤ ድምፁም ይሰበራል። ስለዚህ ከወገብ በታች እየሮጠ ከወገብ በላይ ውሃ የሞላ ብርጭቆ እንደተሸከመ ሰው ይረጋል። በየጥቂት ሴኮንዱ ሜዳው ላይ የተወሰነች ነጥብ አለችው፤ እዚያች ላይ በሰዓቱ መድረስ አለበት። ጣቱ ፈጣን ኖታ ይጫወታል። ዓይኑ ድራም ሜጀሩ ላይ፣ ማለትም ጓዱን በእጁ በሚመራው ላይ ነው። ይህን ሁሉ አንድ ላይ ሲሠራ ዳኛው ያውቃል። ከፍ ያለ ነጥብ ቢሰጠው እኔም አልቃወምም።

እንግዲህ መጀመሪያ ወደ ነገርኳችሁ ያ ቀጥ ያለ መስመር ተመለሱ። ሕዝቡን ያስነሳው እሱ ነው። ቆሞ ወይም ቀስ ብሎ እየሄዱ ረጅም ኖታ መንፋት። ለጆሮ ትልቅ ነው፤ ለሰውነት ግን ከሩጫው ይቀላል። ትርኢቱን የሚነድፉት ሰዎች ይህን ያውቃሉ። በየዓመቱ አንድ ተጨማሪ ሰላሳ ሴኮንድ ሩጫ፣ አንድ ያነሰ ሰላሳ ሴኮንድ ዜማ። ማንም «ሕዝቡን እናስከፋ» ብሎ አልተነሣም። ወረቀቱ ወደዚያ ስለሚስብ ሁሉም ትንሽ በትንሽ ወደዚያ ሄደ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። እስከ 1983 ድረስ ዳኞች የሚሠሩት በቅናሽ ነበር። ሜዳው ውስጥ ገብተው በሰልፉ መሃል እየተዘዋወሩ፣ ስህተት ባገኙ ቁጥር አንድ አሥረኛ ነጥብ ይቀንሱ ነበር። የአንዱ እግር ከዘገየ ይቀነሳል። አንድ ኖታ ከተበላሸ ይቀነሳል። በዚህ ሥርዓት ብልህ የሚባለው ቀላል ነገር አንጥሮ የሚሠራው ነው። ከ1984 ጀምሮ ይህ ቀረና ነጥብ ወደ ላይ እየተገነባ የሚሰጥበት አሠራር መጣ። ነዳፊዎቹ እጃቸው ተፈታ። ዛሬ በድራም ኮር ውስጥ የምናየው ድፍረት በሙሉ ከዚህ ውሳኔ ጋር የተያያዘ ነው። ሕዝቡ «ገደል ገባን» የሚልበት ውስብስብነትም እንደዚሁ። ሁለቱን ለያይቶ አንዱን ብቻ መመለስ አይቻልም።

አሁን እኔ ዋናው ነው ወደምለው ነጥብ ልምጣ። ሰዎች ክርክሩን «ጥበብ ወይስ ጭብጨባ» ይሉታል። እኔ ግን ልዩነቱ ያለው ስንት ጊዜ አየኸው በሚለው ላይ ይመስለኛል።

ልጆቹ ትርኢቷን ክረምቱን ሙሉ ሲደጋግሟት ስንት ጊዜ እንደሆነ ቁጥሩ ይጠፋባቸዋል። ነዳፊው ከክረምቱ በፊት ጀምሮ በራሱ ውስጥ ሲያጫውታት ኖሯል። ዳኛው አንዱን ኮር በአንድ ክረምት ደጋግሞ ሊያገኘው ይችላል። በዚያ ላይ ከውድድሩ በኋላ ከነዳፊዎቹ ጋር ተቀምጦ የሚወያይበት ጊዜ አለው፤ «እዚህ ጋ ምን ልትሉ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ይነግሩታል። ልጆቿን ይዛ፣ ቲኬት ገዝታ፣ ሁለት ሰዓት ነድታ የመጣች እናት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምታየው። የሚያስረዳት የለም። ለእሷ ያች አሥራ ሁለት ደቂቃ የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም ናት።

በአሥረኛ ጊዜው የሚያበራ ነገርና በመጀመሪያው የሚመታ ነገር አንድ አይደሉም። ሁለቱም እውነተኛ ናቸው። የተሻለ ጆሮ ያለውና የሌለው ሰው አድርገን ስናወራ ነው የምንሳሳተው።

ለዚህ የ1993 ታሪክ የሚያህል ማስረጃ የለም።

ስታር ኦቭ ኢንዲያና የሚባል ኮር ነበር። ከብሉሚንግተን ኢንዲያና። በ1985 ሜዳ ላይ ብቅ አለ፤ በ1991 ሻምፒዮን ሆነ። ብሩህ፣ ድምቅ ያለ፣ ሕዝብ የሚወደው ኮር ነበር። በ1993 ግን ያልተጠበቀ ነገር ይዞ መጣ። ሙዚቃው የባርቶክና የሳሙኤል ባርበር ነበር። ባርበር የግሪክ አፈ ታሪኳን ሴት የሜዲያን ታሪክ ይዞ የጻፈው የበቀል ዳንስ ነው። የባርቶክ ደግሞ በ1936 የተጻፈ፣ ለገመድ መሳሪያና ለከበሮ የታሰበ ሥራ ነው። ጨለማ፣ ሻካራ፣ ጸጥታ የበዛበት። ጥሩንባ ነፊዎቹ መሳሪያቸውን ይዘው በሰውነታቸው እንደ ዳንሰኛ ይናገራሉ። ለጭብጨባ ብሎ የተተወ ቦታ የለውም። ልጆቹ የተጫወቱበት ጥራት ግን ዛሬም አፍ ያስከፍታል።

ከሕዝቡ ብዙው ግራ ገባው። አንዳንዱም በጩኸት ተቃወመ። እነዚያ ልጆች የሃያ ዓመት ወጣቶች ናቸው፤ ክረምታቸውን ሰውተው የመጡ ናቸው። ያንን ጩኸት ሲሰሙ ምን ተሰምቷቸው ይሆን ብዬ ሳስብ ሆዴ ይባባል። ፍጻሜው ጃክሰን ሚሲሲፒ ላይ ሆነ። ካዴትስ የሚባለው ኮር 97.4፣ ስታር 97.3። በአንድ አሥረኛ ነጥብ ተሸነፈ። ከዚያ ስታር ውድድሩን ትቶ ወጣ፤ ተመልሶም አልመጣም።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። የስታር ሰዎች ሜዳውን ትተው ወደ ቲያትር ቤት ገቡ። በ1999 ለንደን ላይ ብላስት የሚባል ትርኢት አወጡ። በ2001 የኒውዮርክ የቲያትር ሰፈር ብሮድዌይ ደረሰ፤ ቶኒ የሚባለውን የቲያትር ሽልማትም አገኘ። ድራም ኮር የሚባል ነገር ሰምቶ የማያውቅ ሕዝብ ቲኬት ቆርጦ ገባ። የመጀመሪያው ክፍል የሚዘጋው በምን መሰላችሁ? በሜዲያ። ሜዳ ላይ ሕዝቡን ያስቆጣው ያው የባርበር ሙዚቃ ነው። ሁለተኛው ክፍል የሚዘጋው ደግሞ በማላጌኛ ነው። ማላጌኛ ማለት ማዲሰን ስካውትስ በ1988 ሻምፒዮን የሆኑበት፣ የድራም ኮር ሕዝብ እንደ ሰፈሩ ዘፈን የሚወደው ሙዚቃ ነው። የተጣሉት ሁለቱ ወገኖች ሙዚቃ በአንድ ምሽት፣ በአንድ መድረክ፣ ለአንድ ታዳሚ።

የስታርን ትርኢት ዛሬ የድራም ኮር ሰዎች ከምንጊዜውም ታላላቆቹ ተርታ ያስቀምጡታል። ቪዲዮ መጣ፤ ሰው ደጋግሞ አየው። ሙዚቃው አልተለወጠም፤ የእይታው ቁጥር ነው የተለወጠው።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከ1993 ወዲህ ያልተወደደ ትርኢት ያቀረበ ሁሉ «እኛም እንደ ስታር ነን፤ ጊዜ ይፈርድልናል» ማለት ለምዶበታል። አይሆንም። ብዙ ያልተወደዱ ትርኢቶች ያልተወደዱት በቂ ምክንያት ስላለ ነው። በ2004 ማይክሮፎንና ስፒከር ሜዳ ላይ እንዲፈቀድ ተደረገ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በሙዚቃው ላይ ንግግር መደረብ ፋሽን ሆነ። ሙዚቃው ማለት ያቃተውን አንድ ድምፅ በቃል ያብራራል። ሕዝቡ አልወደደውም፤ እኔም አልወደድኩትም። ትርኢቱ ራሱን ማስረዳት ካስፈለገው፣ ወይም ሐሳቡ የሚገኘው በሚታደለው ወረቀት ላይ ብቻ ከሆነ፣ ሥራው አላለቀም። ጥልቀት ብለን ልንሸፍንለት አይገባም።

በሌላ በኩል ሁለቱን አንድ ያደረጉ አሉ። የ2008ቱን ፋንተም ሬጅመንት ውሰዱ። ከሮክፎርድ ኢሊኖይ ነው። ትርኢታቸው ስለ ባሪያው ስፓርታከስ ነበር። ታሪኩ ቀጥ ያለ ነው፤ ባሮች ተነሡ፣ ጌቶቻቸውን ተዋጉ። ማብራሪያ የሚፈልግ ነገር የለውም። ከሥሩ ግን ሙዚቃውም እንቅስቃሴው ከማንም የማያንስ ከባድ ነበር። መጨረሻው አካባቢ ልጆቹ ተራ በተራ «ስፓርታከስ እኔ ነኝ» እያሉ ይጮኻሉ። ያን ጊዜ ትሪቡን ያለው ሕዝብ አብሯቸው መጮህ ጀመረ። ታዳሚው ባሪያ ሆኖ አመፀ ማለት ነው። ፍጻሜው ላይ ፋንተም 98.125፣ ብሉ ዴቭልስ 98.100። ልዩነቱ ከአንድ ነጥብ አርባኛው እጅ ነው። ያንን ክፍተት የሕዝቡ ጩኸት ሞላው ብዬ መማል አልችልም። ዳኛም ግን ጆሮ አለው፤ ድንጋይ አይደለም።

ብሉኮትስም አሉ፤ ከካንተን ኦሃዮ። በ2014 ሁለተኛ ነው የወጡት። በዚያ ዓመት ያሸነፉት ብሉ ዴቭልስ 99.65 አግኝተው በዲሲአይ ታሪክ ከፍተኛውን ነጥብ አስመዘገቡ። ወረቀቱን በእነሱ ልክ የሚያውቅ ኮር የለም፤ ይህን የምለው በአክብሮት ነው። ሆኖም ከዚያ ክረምት ብዙ ሰው አንሥቶ የማይጠግበው የብሉኮትስን መጨረሻ ነው። በሲንተሳይዘር ታግዞ አንድ ግዙፍ ኮርድ ሙሉ በሙሉ ከቦታው ይንሸራተታል። መሬቱ ራሱ ያዘነበለ ይመስላችኋል። የሚገርመው ይህ ፈጽሞ አዲስና እንግዳ ድምፅ ነበር። ማንም «ምን ማለት ነው?» ብሎ አልጠየቀም፤ ሰውነቱ ቀድሞ ገባው። በ2016 ደግሞ ባርኔጣውን ጥለው፣ የወታደር ልብስ የሚመስለውን ዩኒፎርም ትተው፣ ሜዳው ላይ መንሸራተቻ ተክለው መጡ። ጥሩንባ ይዘው ይወጡበታል፤ ተንሸራተው ይወርዱበታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ዋንጫ ያነሡት በዚያ ትርኢት ነው።

ከእነዚህ ሁለት ኮሮች የምወስደው ነገር አለ። ሕዝብ አዲስ ነገር አይጠላም። የሚያስኮርፈው በሩ ሲዘጋበት ነው።

የታወቀ ዜማ ለምን እንደቀነሰ ሲነሣ የማይወራ አንድ ምክንያትም ልጨምር። የቅጂ መብት ነው። የታወቀ ዘፈን አቀናብሮ ለመጫወት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በቪዲዮ ለማሰራጨት ደግሞ ሌላ ፈቃድ። ሁለቱም ገንዘብ ይፈልጋሉ። ሕዝቡ «ለምን የምናውቀውን አትጫወቱም?» ሲል መልሱ አንዳንዴ ከጥበብ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

ታዲያ ያቺ አንድ ጊዜ ብቻ የምታየው እናት ድምፅ የላትም ማለት ነው? ወረቀቱ ላይ የላትም። ግን ሌላ መንገድ አላት፤ ይህንን ብዙ ሰው አያውቀውም።

የድራም ኮር ትርኢት ሰኔ ላይ ሲጀመር ያለቀ አይደለም። መጨረሻው ገና ሳይጻፍ የሚወጡ አሉ። ክረምቱን ሙሉ ይቆረጣል፣ ይቀጠላል። ልጆቹ ጠዋት አዲስ ገጽ ይቀበላሉ፤ የሜዳ ነጥባቸው ይቀየራል፤ ማታ ሕዝብ ፊት ያቀርቡታል። ነሐሴ ላይ የምታዩት ትርኢትና ሰኔ ላይ የነበረው አንዳንዴ ዘመድ ብቻ ናቸው። ለዚህ ሁሉ ለውጥ ዳኞች የሚሉት ይሰማል፤ ግን እሱ ብቻ አይደለም።

ሰኔ መጨረሻ ላይ በአንድ ትንሽ ከተማ የሃይስኩል ሜዳ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ውድድር ብታገኙ፣ ሜዳውን ለአፍታ ተዉትና ትሪቡኑን ተመልከቱ። ከኮሩ ሰዎች አንዱ ደረጃው ላይ ማስታወሻ ደብተር ይዞ ቆሟል። ልጆቹን አያይም፤ የሚያደርጉትን በቃሉ ያውቀዋል። የሚያየው ሕዝቡን ነው። የትኛው ደቂቃ ላይ ስልኩን እንዳወጣ፣ የት ላይ ሕፃኑ ማውራቱን እንዳቆመ፣ ጭብጨባው ይመጣል ብለው የጠበቁበት ቦታ ላይ ዝም ማለቱን ይጽፋል። በማግስቱ ጠዋት፣ አስፋልቱ ላይ ከበሮዎቹ ሲሞቁ፣ ያች ዝም የተባለባት ቦታ ከትርኢቱ ወጥታ በምትኩ ሌላ ሲለማመዱ ትሰማላችሁ።